የትኛውን ዘር እናስቀር፣ የትኛውን እንግዛ? የሰብሎች አረባብና የዘር አያያዝ

ለሞዴል አርሶ አደሮች ሥልጠና የተዘጋጀ ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ሠልጣኞች ይህን ትምህርት ሲያጠናቅቁ፦
• በማሳቸው ያሉት ሰብሎች እንዴት እንደሚራቡ ይለያሉ፤
• ከየትኛው ሰብል ዘር ማስቀረት እንደሚቻል፣ የትኛውን ደግሞ በየዓመቱ መግዛት እንደሚገባ ምክንያቱን ያስረዳሉ፤
• ዘር ከማሳ ላይ መምረጥን፣ ማድረቅንና የብቅለት ፍተሻን በራሳቸው ያከናውናሉ።

መግቢያ



የመዝሪያ ጊዜ ሲቃረብ ዘር ያጠረው ጎረቤት መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእናንተን በር ነው። ዘር ይበደራል፣ በእህል ይለውጣል፣ ወይም ይገዛል። የሚመጣውም ባለፈው ክረምት ማሳችሁን አይቶ ነው። ስለዚህ ከጎተራችሁ የሚወጣ አንድ ጣሳ ዘር በእናንተ ማሳ ላይ ብቻ አይቀርም፤ በቀጣዩ ዓመት በአምስትና በስድስት ማሳ ላይ ይታያል። ጥሩ ከሆነ መንደሩ ይጠግባል፤ ካልሆነ ግን ጉዳቱን የምታውቁት ሰብሉ ካዘረዘረ በኋላ ነው። ያኔ ደግሞ ማረምና መኮትኮት እንጂ ዘሩን መቀየር አይቻልም።

ብዙዎቻችን የዘርን ጥራት በዓይን እንመዝናለን። ፍሬው ትልቅ፣ ንጹህና ያልተነቀዘ ከሆነ ጥሩ ዘር ነው እንላለን። ይህ ለጤፍና ለስንዴ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል። ለበቆሎ ግን አያስኬድም። እጅግ የሚያምር በቆሎ ከጎተራ አውጥታችሁ ብትዘሩ እንኳ የምታገኙት ሰብል ካለፈው ዓመት ያነሰ ሊሆን ይችላል። ልዩነቱን የሚያመጣው አፈሩ ወይም ዝናቡ ብቻ አይደለም፤ ሰብሉ የሚራባበት መንገድ ነው። የዚህ ትምህርት ዋና መልእክትም ይኸው ነው፦ ዘር ለማስቀረት ከመወሰናችሁ በፊት ሰብሉ ከማን ጋር እንደሚዳቀል እወቁ።

1. ዘርና እህል አንድ አይደሉም

እያንዳንዱ የዘር ፍሬ ሦስት ነገር ይዟል። አንደኛው ሽሉ ነው፤ ይህ ገና ያልነቃ ትንሽ ተክል ነው። ሁለተኛው ለሽሉ የተቀመጠ ስንቅ ነው፤ እኛ ፈጭተን የምንበላው ይህንኑ ስንቅ ነው። ሦስተኛው ሁለቱንም የሚጠብቅ ሽፋን ነው።

ዘሩ እርጥበት ሲያገኝ ውኃ ይጠጣና ያብጣል፤ ሽሉም ይነቃል። አስቀድሞ ሥሩን ወደ ታች ይሰዳል፤ ቀጥሎ ቡቃያው ወደ ላይ ይወጣል። ቡቃያው ብርሃን አግኝቶ የራሱን ምግብ መሥራት እስኪጀምር ድረስ የሚኖረው በስንቁ ነው። ለዚህ ነው ጤፍ ጥልቅ ከተቀበረ የማይወጣው። አንድ ግራም ጤፍ ከ2,500 በላይ ፍሬ ይይዛል፤ እንዲህ ያለች ደቃቅ ፍሬ የያዘችው ስንቅ ረጅም መንገድ አያስሄዳትም። በቆሎ ግን ስንቁ ብዙ ስለሆነ ከ5 እስከ 7 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ ተዘርቶም ይወጣል።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። ነቀዝ ሽሉን የበላው በቆሎ ይፈጫል እንጂ አይበቅልም። እርጥብ ሆኖ ተከምሮ የጋለ፣ በውቂያ ጊዜ የተሰነጠቀ ወይም ጭስና ሙቀት የበዛበት እህልም እንዲሁ ነው። ለወፍጮ የሚሆን ሁሉ ለዘር አይሆንም።

2. የአበባው ሥራ

ሰብል ፍሬ የሚይዘው በአበባው አማካይነት ነው። በአበባው ውስጥ ወንዴና ሴቴ ክፍሎች አሉ። ወንዴው ብናኝ የሚባል ደቃቅ ዱቄት ያፈሳል። ብናኙ በሴቴው ጫፍ ላይ ሲያርፍ ወደ ውስጥ ዘልቆ ይገባና ጽንስ ይፈጠራል፤ ጽንሱም አድጎ ፍሬ ይሆናል። እንደ እንስሳ ሁሉ ፍሬው ከእናቱም ከአባቱም ጠባይ ይወርሳል።

ዋናው ጥያቄ ታዲያ አባትየው ማን ነው የሚለው ነው። በአንዳንድ ሰብል አባትና እናት ያው አንድ ተክል ናቸው። በሌላው ሰብል ግን ብናኙ ከጎረቤት ተክል፣ አልፎ ተርፎም ከጎረቤት ማሳ ይመጣል።

ይህን በራሳችሁ ማሳ ላይ በወረቀት ከረጢት ብቻ ልታረጋግጡ ትችላላችሁ።

የማሳ ሙከራ፦ የወረቀት ከረጢት
ሀ. ስንዴ ላይ፦ ስንዴው ሊያዘረዝር ሲል፣ አበባው ገና ሳይከፈት አምስት ዛላዎችን በወረቀት ከረጢት ሸፍኑና ከሥር ላላ አድርጋችሁ እሰሩ።
ለ. በቆሎ ላይ፦ የበቆሎው ራስ በአገዳው ላይ ብቅ ሲል፣ ፀጉር ከማውጣቱ በፊት አምስት ራሶችን ጠንከር ባለ ወረቀት ሸፍናችሁ እሰሩ። ዝናብ ከረጢቱን ከቀደደው ያንን ተክል ከሙከራው አስወጡት።
ሐ. በማሳው ያለው በቆሎ ፀጉር ሁሉ እስኪደርቅ ድረስ አትክፈቱ።

ውጤቱ ይህ ይሆናል። የተሸፈነው ስንዴ እንደሌላው ሁሉ ፍሬ ይይዛል። የተሸፈነው በቆሎ ግን ባዶ ቆረቆንዳ ሆኖ ይገኛል። ስንዴው ከውጭ ምንም አልፈለገም። በቆሎው ግን ከውጭ የሚመጣ ብናኝ ስላላገኘ መከነ። ይህን ሙከራ በአርሶ አደር ማሰልጠኛ ማዕከሉ ማሳ ላይ አድርጋችሁ ለጎረቤቶቻችሁ ብታሳዩ ከረጅም ንግግር ይሻላል።

3. ራሳቸውን በራሳቸው የሚያዳቅሉ ሰብሎች

ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ምስርና አተር በዚህ ምድብ ይገኛሉ። ወንዴውና ሴቴው በአንድ አበባ ውስጥ አብረው ይኖራሉ፤ አበባው በደንብ ሳይከፈት ድቀላው ያልቃል። ስለዚህ ልጁ እናቱን ይመስላል፤ የልጅ ልጁም እንዲሁ። ቁንጮ ጤፍ ዘርታችሁ ከምርቱ ዘር ብታስቀሩ በቀጣዩም ዓመት የምታገኙት ቁንጮን ነው።

የቁንጮ ታሪክ ራሱ ይህን ያስረዳል። ዝርያው በደብረ ዘይት ግብርና ምርምር ማዕከል ሁለት የጤፍ ዝርያዎችን በእጅ በማዳቀል የተገኘ ሲሆን በ1998 ዓ.ም ለአርሶ አደሩ ተለቋል። አንደኛው ወላጅ በምርታማነቱ፣ ሌላው በፍሬው ንጣት የተመረጠ ነበር። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑም በላይ የሚከፈተው በማለዳ ለጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ጤፍን ማዳቀል አይቻልም ተብሎ ብዙ ዘመን ታልፏል። ይህን የማለዳ ሰዓት ለይተው የማዳቀያውን መንገድ የከፈቱት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታረቀ በርሄ ናቸው። አንዴ በእጅ ከተዳቀለና ጠባዩ እስኪረጋ ለበርካታ ትውልድ ከተመረጠ በኋላ ግን ጤፉ ያንን ጠባይ ራሱ ይዞ ይቀጥላል። እናንተም ከአርሶ አደር ወደ አርሶ አደር ስታስተላልፉት ዝርያው አይለወጥም።

ታዲያ ከእነዚህ ሰብሎች የምናስቀረው ዘር ለምን ይዳከማል? ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

አንደኛ፦ መቀላቀል። ነጭ ጤፍ ቀይ ጤፍ በተወቃበት አውድማ ላይ ሲወቃ፣ በአሮጌ ጆንያ ሲጫን ወይም ሳይጸዳ በቀረ መውቂያ ማሽን ሲያልፍ ይቀላቀላል። አንድ እፍኝ ቀይ ጤፍ በሦስት ዓመት ውስጥ ተባዝቶ የነጩን ጤፍ ዋጋ ያወርዳል። በስንዴ ውስጥም ሲናርና እንክርዳድ የሚዛመቱት በዋናነት ባልተበጠረ ዘር ነው።

ሁለተኛ፦ በዘር የሚተላለፍ በሽታ። የገብስና የስንዴ አረማሞ አንዱ ዓይነት በፍሬው ውስጥ ተደብቆ ይተኛል። ዘሩን በዓይን ብታዩት ጤነኛ ይመስላል፤ ሲያዘርዝር ግን በፍሬው ቦታ ጥቁር ዱቄት ይወጣል። ጥቁሩ ዱቄት በነፋስ ሳይበተን ዛላውን በፌስታል ሸፍናችሁ ቁረጡ፤ ከማሳው አውጥታችሁ ቅበሩ ወይም አቃጥሉ። ብዙ የተጠቃ ማሳ ከሆነ ከእሱ ዘር አታስቀሩ።

ሦስተኛ፦ ዝርያው ራሱ በበሽታ መሸነፉ። ራሱን የሚያዳቅል ሰብል ሁሉም አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን የሚያሸንፍ ዋግ ሁሉንም ያሸንፋል። በ2002/03 ዓ.ም የምርት ዘመን ቢጫ ዋግ ሲነሣ በሰፊው ይዘራ የነበረው ኩብሳ የተባለው ስንዴ ክፉኛ ተመታ። ከሦስት ዓመት ያህል በኋላ ደግሞ ዲገሉ የተባለው ስንዴ በአርሲና በባሌ በግንድ ዋግ ተጠቃ። ዘሩ በደንብ ተይዞ ነበር፤ ዝርያው ግን ለአዲሱ ዋግ መከላከያ አልነበረውም። ስለዚህ የስንዴ ዘር ከራሳችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ፤ ሆኖም በየዓመቱ የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ዝርያው አሁንም ዋግን ይቋቋም እንደሆነ ጠይቁ። ማሳችሁን ሁሉ በአንድ ዝርያ ከመሸፈን ሁለት ዝርያ መያዝም ብልኅነት ነው።

በእነዚህ ሰብሎች ንጽሕናው ከተጠበቀ ዘሩን ለአራትና ለአምስት ዓመት ያህል ማስቀጠል ይቻላል። ከዚያ በኋላ በአዲስ ምርጥ ዘር ማደስ ይመከራል።

4. በቆሎ፦ አባቱ ከሩቅ የሚመጣ ሰብል

በቆሎ ወንዴውንና ሴቴውን በአንድ አገዳ ላይ፣ ነገር ግን በተለያየ ቦታ ይይዛል። ጫፉ ላይ የሚወጣው አበባ ወንዴ ነው። መሐል ላይ የሚወጣው ራስ ሴቴ ነው። ከራሱ ጫፍ የሚወርደው ፀጉር ለጌጥ የወጣ አይደለም፤ እያንዳንዷ ፀጉር ከአንዲት ፍሬ ጋር የተያያዘች ናት። ፀጉሯ ብናኝ ካገኘች ፍሬዋ ትሞላለች፤ ካላገኘች ቦታው ባዶ ይቀራል።

አንድ የወንዴ አበባ በሚሊዮን የሚቆጠር ብናኝ ያፈሳል። ብናኙ በብዛት የሚወርደው ጠዋት ጤዛው ከደረቀ በኋላ ነው። አብዛኛው በአቅራቢያው ይወድቃል፤ ነፋስ ያገኘው ግን ወደ ጎረቤት ማሳ ይሻገራል። ለዚህ ማስረጃው ከቤታችሁ አይጠፋም። ነጭ በቆሎ ዘርታችሁ ጎረቤታችሁ ቢጫ በቆሎ ከዘራ፣ በነጩ ራስ ላይ እዚህም እዚያም ቢጫ ፍሬ ታያላችሁ። እያንዳንዷ ቢጫ ፍሬ አባቷ ከአጥር ማዶ የመጣ ፍሬ ናት። ሁለታችሁም ነጭ ብትዘሩ ኖሮ መዳቀሉ በዓይን አይታይም ነበር እንጂ አይቀርም።

የፀጉሩ አወጣጥም ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ከራሱ ሥር ያሉት ፍሬዎች ፀጉር ቀድሞ ይወጣል፤ የጫፉ መጨረሻ ላይ ይወጣል። በአበባው ሰሞን ዝናብ ከቆመ ወይም ተክሉ ከተራበ ፀጉሩ ይዘገያል፤ በዘገየው ፀጉር ሰዓት ብናኙ አልቋል። ጫፉ መላጣ የሆነ በቆሎ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከማበቡ በፊትና በማበቢያው ሰሞን አረም ማሳውን እንዳይሻማ ማድረግ፣ ዩሪያውንም በጉልበት ቁመት ላይ ሳያልፍ መስጠት የፍሬውን ቁጥር ይወስናል።

5. ዲቃላ በቆሎ ለምን አይደገምም?

ዲቃላ ወይም ሃይብሪድ የምንለው ዘር እንዲህ ይዘጋጃል። ተመራማሪዎች በቆሎን ለብዙ ትውልድ ከራሱ ጋር ብቻ እያዳቀሉ ጠባዩ የጠራ ወላጅ ያወጣሉ። እንዲህ ያለው ወላጅ ለብቻው ሲታይ ደቃቃና ምርቱ ዝቅተኛ ነው። ሁለት የተለያዩ የጠሩ ወላጆች ሲዳቀሉ ግን ልጁ ከሁለቱም በእጅጉ ይበልጣል። በዘር ብዜት ማሳ ላይ እናቱና አባቱ በየመስመራቸው ይዘራሉ፤ የእናትየው የወንዴ አበባ ብናኝ ሳያፈስ ይነቀላል፤ ዘር የሚሰበሰበውም ከእናትየው ብቻ ነው። ጉልበቱ ይህ በመሆኑ ዘሩ ውድ ነው።

በ1985 ዓ.ም የተለቀቀው ቢኤች-660፣ ከእሱ በኋላ የመጡት ቢኤች-540ና ቢኤች-661 በባኮ የበቆሎ ምርምር የወጡ ዲቃላዎች ናቸው። እነዚህን ዘርታችሁ የሰበሰባችሁት በቆሎ ለምግብም ለገበያም ጥሩ ነው። ለዘር ግን አይሆንም። ለምን?

በቅሎን አስቡ። በቅሎ ከአህያና ከፈረስ ትወለዳለች፤ በጭነትና በዳገት ከሁለቱም ትሻላለች። ሌላ በቅሎ ስትፈልጉ ግን ወደ በቅሎዋ አትሄዱም፤ ወደ አህያውና ወደ ፈረሷ ትመለሳላችሁ። ዲቃላ በቆሎ እንደ በቅሎ መካን አይደለም፤ ይበቅላል፣ ያፈራልም። ሊያታልለን የሚችለውም ይህ ነው። በሁለተኛው ዓመት የሚዳቀሉት ወንድማማቾችና እኅትማማቾች ናቸው። ስለዚህ በማሳው ላይ አንዱ ረጅም፣ ሌላው አጭር፤ አንዱ ቀድሞ የሚያብብ፣ ሌላው የሚዘገይ፤ አንዱ ትልቅ ራስ፣ ሌላው ጭራሽ ራስ የሌለው ይወጣል። ከሁለት ወላጅ የተገኘ ዲቃላ በመዳቀሉ ያገኘውን ብልጫ ግማሽ ያህሉን በአንድ ዓመት ያጣል። እንደ ቢኤች-660 ከሦስት ወላጅ የተገኘው ደግሞ ሲሶ ያህሉን ያጣል።

በስሌት እንየው። የሚከተለው ቁጥር ለምሳሌ ብቻ የቀረበ ነው፤ በራሳችሁ ምርት ተኩት። በሩብ ሄክታር ላይ ዲቃላ በቆሎ 15 ኩንታል ሰጣችሁ እንበል። ከዚያው ዘር አስቀርታችሁ ብትደግሙና ምርቱ በአንድ አምስተኛ ቢቀንስ 12 ኩንታል ታገኛላችሁ። ለሩብ ሄክታር የሚያስፈልገው ዘር 6 ኪሎ ከሩብ ነው። በአንድ በኩል የ6 ኪሎ ከሩብ ምርጥ ዘር ዋጋ፣ በሌላ በኩል የ3 ኩንታል በቆሎ ዋጋ አለ። ሁለቱንም በአካባቢያችሁ ገበያ ዋጋ አስሉና አወዳድሩ። መሬቱ፣ እርሻው፣ ማዳበሪያውና ኩትኳቶው ለሁለቱም አንድ ዓይነት መሆኑንም አትርሱ።

ስለዚህ ዲቃላ በቆሎ የምትዘሩ ከሆነ፦
• የዘር ፍላጎታችሁን ለልማት ጣቢያ ሠራተኛውና ለኅብረት ሥራ ማኅበሩ አስቀድማችሁ አስመዝግቡ፤
• ከረጢቱ ያልተከፈተ፣ የዝርያው ስምና የጥራት ማረጋገጫ ምልክቱ ያለበት መሆኑን አይታችሁ ተረከቡ፤ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጥ ዲቃላ ዘር አትግዙ፤
• በመድኃኒት የታሸ ቀለም ያለው ዘር ቢተርፍ ለምግብም ለዶሮም አታድርጉት፤
• ከዲቃላ ምርት ላይ ለጎረቤት ዘር ብላችሁ አትስጡ። መስጠት ካለባችሁም እህል መሆኑን ተናግራችሁ ስጡ።

ዲቃላ ዘር በጊዜ ካልደረሰ ምን እናድርግ? ለአካባቢያችሁ ተስማሚ የሆነና ሊደገም የሚችል ልቅ ድቅል የበቆሎ ዝርያ ከተገኘ ከሁለተኛ ትውልድ ዲቃላ ይሻላል። እሱም ካልተገኘ በማሳው ላይ ሌላ ሰብል መዝራት ይቻል እንደሆነ ከባለሙያ ጋር ተማከሩ።

6. ሊደገም የሚችል በቆሎ፦ ልቅ ድቅል ዝርያ

እንደ መልካሳ-2 ያሉ ዝርያዎች በማሳው ውስጥ እርስ በርሳቸው በነፃነት እየተዳቀሉ ጠባያቸውን እንዲይዙ ሆነው የተዘጋጁ ናቸው። በጥሩ ዝናብና በበቂ ማዳበሪያ ከዲቃላ ያነሰ ምርት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን ዘራቸው ለሦስት ዓመት ያህል ሊደገም ይችላል። መልካሳ-2 ዝናብ አጠር ለሆኑ ቆላማ አካባቢዎች የወጣ ነው። ከእነዚህ ዘር ስታስቀሩ የሚከተለውን አድርጉ።

ሀ. ከሌላ በቆሎ አርቁ። ቢያንስ 200 ሜትር ርቀት ያስፈልጋል። ማሳችሁ ጠባብ ከሆነ ከኩታ ገጠም ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተስማምታችሁ አንድ ዓይነት ዝርያ ዝሩ። የዝናቡ ጊዜ ከፈቀደ የመዝሪያውን ቀን በአራት ሳምንት ያህል ማራራቅም ይረዳል፤ የእናንተ ሲያብብ የጎረቤት ብናኝ አልቆ ይገኛል ወይም ገና አልደረሰም።

ለ. ባዕድ ተክሎችን ብናኝ ሳያፈሱ ንቀሉ። ካፈሱ በኋላ መንቀል ጅብ ከሄደ እንደሚጮህ ውሻ ነው።

ሐ. ከማሳው መሐል ምረጡ። ዳር ያሉት መስመሮች የውጭ ብናኝ የሚያገኛቸው ናቸው።

መ. ከቆመ ተክል ላይ ምረጡ፤ ከክምር አትምረጡ። ከክምር ላይ ትልቁን ራስ ስትመርጡ ለብቻው ቆሞ ብዙ ማዳበሪያ ያገኘውን ልትመርጡ ትችላላችሁ። የተመረጠው ተክል ከጎረቤቶቹ ጋር እኩል ተሻምቶ ጥሩ ራስ የያዘ፣ ያልወደቀ፣ በሽታ የሌለበትና ራሱ በልባሱ በደንብ የተሸፈነ ይሁን። ምልክት እሰሩበት።

ሠ. ከብዙ ተክል ሰብስቡ። ቢያንስ ከ200 ተክል ራስ ውሰዱ። ከአምስትና ከአሥር ምርጥ ራስ ብቻ ዘር ከወሰዳችሁ በቀጣዩ ዓመት የሚዳቀሉት የቅርብ ዘመዳሞች ይሆናሉ፤ ሰብሉም ይደክማል።

ረ. ከቆረቆንዳው መሐል ያለውን ወጥ ፍሬ ለዘር፣ የጫፍና የሥሩን ፍሬ ለምግብ አድርጉ።

7. ንብ የሚያዳቅላቸውና በአካል የሚራቡ ሰብሎች

ኑግ ከራሱ ብናኝ ፍሬ አይዝም፤ ብናኙን ከተክል ወደ ተክል የምታመላልሰው በዋናነት ንብ ናት። ባቄላ ራሱን ቢያዳቅልም ንብ ስትጎበኘው የተሻለ ያፈራል፤ በዚያው ልክ ከጎረቤት ባቄላ ጋርም ይዳቀላል። ስለዚህ ኑግና ባቄላ በሚያብቡበት ሰሞን ፀረ ተባይ መርጨት ፍሬያችሁንም ማራችሁንም ይቀንሳል። መርጨት ግድ ከሆነ ንብ ወደ ቀፎዋ ከተመለሰች በኋላ አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ቀፎ ላላቸው ጎረቤቶችም አስቀድማችሁ ንገሩ።

ማሽላ በአብዛኛው ራሱን ያዳቅላል፤ ነገር ግን የተወሰነውን ብናኝ ከውጭ ይቀበላል። ዘር የሚወሰድበት ማሽላ ከሌላ ዝርያና ከዱር ማሽላ ይራቅ፤ ከመሐል ማሳ ይመረጥ።

ድንችና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ለእርሻ የሚራቡት በአበባ ሳይሆን በአካላቸው ነው። የድንች ዘር የምንለው የእናት ተክሉ አካል ነው። በመሆኑም ዝርያው አይለወጥም፤ የእናቱ በሽታም አይቀርም። ትልቁን ሸጦ ደቃቃውን ለዘር የማስቀረት ልማድ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ደቃቃው ብዙ ጊዜ የታመመ ተክል ልጅ ነው። ድንቹ ሲያብብ ጤነኛና ጠንካራ ተክሎችን በእንጨት ምልክት አድርጉ፤ እነሱን ለብቻ ቆፍራችሁ የእንቁላል መጠን ያላቸውን ለዘር አስቀሩ። አጠውልግ በሽታ ከታየበት ማሳ ግን አንድም ድንች ለዘር አይወሰድ።

8. ዘሩን ማድረቅ፣ ማስቀመጥና መፈተሽ

በብዙ ቤት ዘር የሚመርጡትና የሚጠብቁት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ ይህ ክፍል ለባልም ለሚስትም አብሮ ይነበብ።

ማድረቅ፦ የተሸከመው እርጥበት ሲበዛ ዘር በጎተራ ውስጥ ቶሎ ይሞታል፤ ነቀዝና ሻጋታም ይበዛበታል። በንጹሕ ሸራ ወይም ምንጣፍ ላይ ስስ አድርጋችሁ አስጡ፤ ባዶ መሬት ላይ አታስጡ። ለመፈተሽ በደንብ የደረቀ ጨው ጥቂት ወስዳችሁ ከእህሉ ጋር በደረቅ የመስተዋት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩ። ክዳኑን ዘግታችሁ ነቅንቁትና ጥቂት ደቂቃ አቆዩት። ጨው ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ዘሩ ገና እርጥብ ነው።

ማስቀመጥ፦ ዘር ከሚበላው እህል ተለይቶ፣ የዝርያው ስምና የተሰበሰበበት ዓመት ተጽፎበት፣ ከመሬትና ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ። አየር የማያስገባ ባለ ድርብ ላስቲክ ከረጢት ካለ በደንብ የደረቀውን ዘር ሞልታችሁ አየሩን አስወጥታችሁ እሰሩ፤ ነቀዙ አየር አጥቶ ይሞታል። ለድንች ግን ይህ አይሠራም፤ የድንች ዘር ብርሃን በሚገባውና አየር በሚዘዋወርበት መደርደሪያ ላይ ስስ ሆኖ ይቀመጣል።

የብቅለት ፍተሻ፦ ከመዝራታችሁ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት ከጆንያው ከላይ፣ ከመሐልና ከታች ዘር ውሰዱ። ሳትመርጡ 100 ፍሬ ቁጠሩ። በእርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድራችሁ ጠቅልሉ፤ ጨርቁ እንዳይደርቅ እየተከታተላችሁ ለ7 ቀን አቆዩ። ከዚያ ጤነኛ ሥርና ቡቃያ ያወጡትን ቁጠሩ።
• 85ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ዘሩ ጥሩ ነው።
• ከ70 እስከ 84 ከበቀለ የዘሩን መጠን ጨምራችሁ ዝሩ።
• ከ70 በታች ከሆነ ለምግብ ይዋል፤ ሌላ ዘር ፈልጉ።

ይህን ፍተሻ አድርጉና ውጤቱን ዘር ለሚወስደው ጎረቤት ንገሩት። ከእናንተ የሚጠበቀው ዘሩን መስጠት ብቻ አይደለም፤ ምን እንደሰጣችሁ ማወቅም ነው።

ማጠቃለያ

• ጤፍ፣ ስንዴ፣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር፦ ንጽሕናቸውን ጠብቃችሁ አስቀሩ፤ በየአራትና አምስት ዓመቱ አድሱ።
• ዲቃላ በቆሎ፦ በየዓመቱ አዲስ ዘር ግዙ።
• ልቅ ድቅል በቆሎ፦ ከ200 ሜትር ርቀት፣ ከ200 ተክል በላይ፣ ለሦስት ዓመት።
• ባቄላ፣ ማሽላ፣ ኑግ፦ ከሌላ ዝርያ አርቃችሁ፣ ንብን ጠብቃችሁ አስቀሩ።
• ድንች፦ ከጤነኛ እናት ብቻ።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. በቀበሌያችሁ ዘር ካለፈው ምርት ላይ የሚወሰድላቸው ሰብሎች የትኞቹ ናቸው? በዚህ ትምህርት መሠረት የትኞቹ ልማዶች ይቀጥሉ፣ የትኞቹ ይለወጡ?
2. ጎረቤታችሁ ከእናንተ ዲቃላ በቆሎ ምርት ላይ ለዘር ቢጠይቃችሁ ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?
3. በኩታ ገጠም ማሳችሁ ላይ ለዘር የሚሆን በቆሎ ለማምረት ከእነማን ጋር መስማማት ያስፈልጋል? ስምምነቱስ ከመዝራት ስንት ሳምንት በፊት ቢደረግ ይሻላል?
4. የወረቀት ከረጢቱን ሙከራ በዚህ ክረምት ማን፣ በየትኛው ማሳ ላይ ይሠራል? ውጤቱን የምታሳዩበትን ቀን አሁኑኑ ወስኑ።